«ሂድ» ያለው ማነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017

ጽሑፌ ዛሬ ዶሮ የጫረው መስሏል። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መኪናችን ጭነቱ ሳይታሰር ተንቀሳቀሰ። አምስት የውሃ ሮቶዎች ከላይ ወድቀው፣ ከፋብሪካው በር ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ይዘው ወደ ጅማ መንገድ ተንከባለሉ። አንዱ የጎረቤታችንን የቆርቆሮ አጥር ይዞ ሄደ። ሌላው አስፋልቱ መሀል ገብቶ የሰበታን ሚኒባስ በሙሉ አቆመ። የተሳፋሪው ሳቅ እስካሁን ይሰማኛል።

ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ግን ገመዱን ይዘው የነበሩት ኦቦ ጎበና መዳፋቸው ተላጠ። መኪናው ሲሄድ ገመዱ በእጃቸው ውስጥ ሮጦ ነው ያለፈው። ደሙን በነጠላዬ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም።

መኪናው እንዴት ተንቀሳቀሰ? ሂድ ተባለ፤ ሄደ። ሌላ ምን ይባላል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ቅጹ «የጥፋት መግለጫ» ይባላል። ወደዚህ ፋብሪካ ከመጣሁ ጀምሮ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እሱን ስሞላ ነው የኖርኩት። ከታች «ጥፋተኛው» የምትል መስመር አለችው፤ አጭር ናት፤ ከአንድ ስም በላይ አትይዝም።

ሾፌሩን ሰለሞንን ጠየቅኩት። «ሂድ ስትሉኝ ሄድኩ» አለ።

«ማነው ያለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሞተር ተነስቷል፤ እኔ የማየው ፊቴን ነው። ከኋላ የምትጮኹት እናንተ ናችሁ።»

በግራ በኩል ገመድ የሚጎትተውን ባይሳን ጠየቅኩት። «እኔ ሂድ አላልኩም» አለ። በቀኝ በኩል የነበሩት ኦቦ ጎበና ጤና ጣቢያ ናቸው፤ አልጠየቅኳቸውም። መስመሯ ላይ «ጎበና» ብዬ ጻፍኩ። ጭነት አስሮ ማስወጣት የእሳቸው ኃላፊነት ነው፤ ሥራ መደባቸው ላይ ተጽፏል። እዚያ ላይ የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አላቸው። ሦስተኛው ስንብት ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎች የተየብኩት ግን እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ባለቤቱ አቶ ብዙነህ ከአዲስ አበባ መጡ። የፈረሰውን አጥር አዩ፣ የተሰነጠቀውን ሮቶ በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ሪፖርቱን ቆመው አነበቡ። «አንድ ሰው ሲወጣ ሌላው ይማራል» አሉ። ለሐምሌ ሱሉልታ የምናደርሰው ትልቅ ትዕዛዝ አለ፤ ደንበኛው የአስፋልቱን ወሬ ሰምቶ ደውሎላቸዋል። «ቤቴን አጽድቼ ነው የምመልስለት» አሉ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ግንቦት 28 ይሰበሰባል። ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ የሠራተኛው ተወካይ ሆና የእቃ ግምጃ ቤቷ አያንቱ፣ እኔ ጸሐፊ።

ምሳ ሰዓት ላይ አያንቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለባይሳ «እዚህ ቤት ስህተት አይታረምም፤ ይደበቃል እንጂ» ስትለው ሰማሁ። ሽሮዬን ስበላ ያልሰማሁ መሰልኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ይህን መጻፍ ይኖርብኛል።

ልጄ ቤቲ አራተኛ ክፍል ናት። ዛሬ የኦሮምኛ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቆይታ፣ ወደ ውጭ ልትወጣ ስትል እግሯን ዘረጋችልኝና «ኮጴ ኮ ሂዲ» አለችኝ።

«ወዴት ነው የምሄደው?» አልኳት።

ሳቋ ቤቱን ሞላው። «ማሚ፣ ሂጂ አላልኩሽም! ጫማዬን እሰሪልኝ ነው ያልኩሽ። ሂዲ ማለት እሰሪ፣ እሰር።»

የጫማዋን ክር እንደያዝኩ ቀረሁ። «እስቲ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። እስክትሰለች ድረስ አስደገምኳት። መሀል ላይ ያለችውን ፊደል በጉሮሮዋ ዋጥ ነው የምታደርጋት፤ እኔ ብሞክር ብሞክር አቃተኝ፤ እሷም «ተይው ማሚ» አለችኝ። ሞተር በሚጮህበት ቦታ የመጨረሻዋ ድምፅ ትጠፋለች። የሚቀረው «ሂድ» ነው።

ሰበታ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። የማውቀው «አከም»፣ «ነጋዳ»፣ «ገለቶሚ» ብቻ ነው። ሰላምታ ተቀብዬ ምስጋና እመልሳለሁ፤ በመሀሉ ሰው የሚናገረውን አልሰማም።

ስለዚህ ኦቦ ጎበና ማክሰኞ ዕለት ለባይሳ «እሰር» ነው ያሉት። ሥራቸውን ነው የሠሩት።

ታዲያ ሂድ ያለው ማነው? ደብተሩን ዘጋሁ። ከፈትኩት። ጥያቄው እዚያው ቁጭ ብሏል።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሥራ በዛብኝ። ለማንም አልነገርኩም። ሰለሞን ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?

ኀሙስ፣ ግንቦት 21

ማርያም ናት። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ፈቃድ ጠየቅኩና ብርቱካን ገዝቼ በተፍኪ መንገድ ኦቦ ጎበና ቤት ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርዶ ትንሽ በእግር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዱርሲቱ እርጎ አቀረቡልኝ፤ ከእርጎው ጋር አንድም ክፉ ቃል አልነበረም።

ኦቦ ጎበና የታሰረ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው «ወረቀቱን ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ። «በግራ እፈርማለሁ። ከዚህ በፊትም ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው የፈረምኩት።»

«ወረቀት አልያዝኩም። ያን ቀን ምን ብለው ነበር፣ ኦቦ ጎበና?»

«ሂዲ ነዋ። ባይሳ እንዲያስር።»

«መኪናው ታዲያ ለምን ሄደ ይመስልዎታል?»

ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ «አንቺ አጠገቤ ነበርሽ» አሉ። «ዲሲ፣ ተይው ልጄ። እኔ ብወጣ መሬት አለኝ፣ ልጆቼም ራሳቸውን ችለዋል። አንቺ የሰው ቤት ተከራይተሽ ነው ሴት ልጅ የምታሳድጊው።»

ያውቃሉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቃሉ። እጃቸው እየደማ፣ እኔ ነጠላዬን ስጠመጥም፣ ያኔም ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ይጻፍ። በሩ ላይ ማስረከቢያ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አቶ ብዙነህ «መኪና አራት ሰዓት ሳይሞላ ይውጣ» ብለውኝ ስለነበር ሰዓቴን አየሁ። ከኋላዬ «ሂድ» የተባለ መሰለኝ። እጄን አውለብልቤ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ለሰለሞን «ሂድ!» ብዬ ጮህኩ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ባማረ ጽሑፌ የሰው ስም ጻፍኩ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ነገ ነው። እናቴ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ስትል የሐሜት ነገር ይመስለኝ ነበር። የመኪናም ነው ለካ።

«ጎበና»ን ሰርዤ «ማሪቱ» ብዬ የራሴን ስም ልጻፍ ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። እሺ፣ እኔ ተባረርኩ እንበል። በእኔ ቦታ የሚቀጠረው ሰው እዚያው በር ላይ ይቆማል። ሞተሩም ያው ሞተር ነው። እሱም «ሂዲ» ሲባል «ሂድ» ይሰማል። ያን ጊዜ የሚላጠው የባይሳ እጅ ይሆናል፣ ወይም አስፋልቱ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ይኖራሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ይቺ መስመር ሥሩን አትጠይቅም፤ ስም ብቻ ነው የምትፈልገው።

ከቢሮ ነጭ ጠመኔ ይዤ መጥቻለሁ። ቤቲ «ማሚ አስተማሪ ሆንሽ?» አለችኝ። ተማሪ ነኝ አልኳት።

ኀሙስ፣ ግንቦት 28

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ቤቲ ስታድግ ታንብበው።

አቶ ብዙነህ ወንበራቸው ላይ ሳይደላደሉ «ቶሎ እንጨርስ፤ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ፣ ስንብት፣ ፊርማ» አሉ። ኦቦ ጎበና በሩ አጠገብ ኮፍያቸውን በደህና እጃቸው ይዘው ቆመዋል። አያንቱ ጠረጴዛውን ታያለች።

«ከመፈረማችን በፊት ግቢ እንውረድ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። «አምስት ደቂቃ ብቻ።»

ጠዋት ማልጄ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሦስት ክብ ሠርቼ ነበር። ሰለሞን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነሳ፤ ፍሬኑን እንዲይዝ፣ ማንም ምንም ቢለው እንዳይነቃነቅ አስጠነቀቅኩት። ባይሳ በግራ፣ ኦቦ ጎበና በቀኝ ቆሙ። በሦስተኛው ክብ ላይ፣ በሩ ጋ፣ አቶ ብዙነህን አቆምኳቸውና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋቸው።

«ይሄ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?»

«የሚሰሙትን ይጻፉልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ኦቦ ጎበና፣ ያን ቀን ያሉትን ይበሉ።»

ኦቦ ጎበና ጮኹ። አቶ ብዙነህ ጻፉ። ወረቀቱን ለሁላችን አሳዩና «ይኸው! ሂድ ነው ያለው። በጆሮዬ ሰማሁት። ራሱ ሂድ ካለ ምን እንነጋገራለን?» አሉ።

አያንቱ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቅ ነው፣ ድንጋጤም አለበት። «አቶ ብዙነህ፣ እሰር ነው እኮ ያሉት። ሂዲ። በኦሮምኛ እሰር ማለት ነው።»

«ምን?»

ኦቦ ጎበና ደገሙት። ባይሳ በግራ በኩል ገመዱን ሳብ አድርጎ አሳያቸው። አቶ ብዙነህ የራሳቸውን ጽሑፍ አዩ፣ ባይሳን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«እዚህ ክብ ላይ የቆመ ሰው ሂድ ነው የሚሰማው። ያን ቀን እዚህ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሰምቼ፣ ሳላረጋግጥ፣ ለሰለሞን ሂድ ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ጎበና ምንም አላጠፉም። ስማቸውን የጻፍኩት ፈርቼ ነው።»

ሰለሞን ሞተሩን አጠፋ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እኔ አውቅ ነበር» አለ። «ግን የቢሮ ሰው ስም እዚያ መስመር ላይ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም። ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ ነው።»

አቶ ብዙነህ ፊታቸው ቲማቲም ሆነ። «አሥራ ስድስት ቀን ዝም አልሽ?»

«አዎ። ቅጹ የተሠራው ሰው እንዲፈራ ነው፤ እኔም ሰው ነኝና ፈራሁ። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ። ብቻ መጀመሪያ ቀጥሎ እዚህ የሚቆመው ሰው ምን እንደሚሰማ እንወስን።»

ከክቡ ሳይወጡ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሲናገሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «እኔም በዚህ ጆሮዬ ሰው ላባርር ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለዝምታሽ ማስጠንቀቂያ ትወስጃለሽ። ለ‹ሂድ› አትወስጂም፤ ‹ሂድ›ንማ እኔም ጽፌዋለሁ» አሉኝ።

ለኦቦ ጎበና በሁሉም ፊት ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። አቶ ብዙነህም «ይቅርታ፣ ኦቦ ጎበና» አሉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ «ኦቦ» ሲሉ የሰማሁት ዛሬ ነው። ሁለቱ አሮጌ ደብዳቤዎችም ለኦቦ ጎበና በቋንቋቸው ተነብበው እንደገና እንዲታዩ በቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዬን ራሴ ተይቤ ራሴ ፈረምኩ። ደስ ብሎኛል። እብድ ናት የሚለኝ ይበል፣ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ኦቦ ጎበና ወደ ሥራ ተመለሱ። በሩ ላይ ሆነን ምን ምልክት እናድርግ ስንባባል፣ ባይሳ ፊሽካ አለ፣ ሰለሞን ባንዲራ አለ፣ እኔ ደግሞ ልማዴ ነውና ወረቀት አልኩ። ኦቦ ጎበና የኋላውን ጎማ አዩና ከሥሩ የተሸጎጠውን የእንጨት ታኮ አነሱት።

«ቃል ንፋስ ይወስደዋል» አሉ። «ታኮ እጅ ላይ ካልደረሰ አልደረሰም። ያሰረው ሰው ታኮውን ነቅሎ፣ ዞሮ ሄዶ፣ በመስኮት ለሾፌሩ ይስጠው። ሾፌሩ ታኮ ሳይጨብጥ አምላክ ራሱ ሂድ ቢለው አይሂድ።»

ታኮውን ቀይ ቀባነው። ጾም ስለገባ ለምረቃው ቆሎ አዘጋጀን።

ቅጹንም ቀየርኩ። «የጥፋት መግለጫ» ቀርቶ «የስህተት ማስታወሻ» ሆነ። የስም መስመሯን አወጣኋት። በቦታዋ «ምን ተባለ፣ ምን ተሰማ፣ ምን እንለውጥ» የሚል ገባ፤ አያንቱ በኦሮምኛ ከጎኑ ጻፈችው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ከእኔ በቀር አንድም ሰው አዲሱን ቅጽ አልሞላም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኔ ብቻ ነው፤ ሰዉ ቆሞ ያነበውና ይሄዳል። ያልፈሩ መሰለኝ እንጂ ፈርተዋል። በአምስት ዓመት የዘራሁትን በአንድ ሳምንት ልነቅል ነው የተመኘሁት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አያንቱ ገብታ በሩን ዘጋች። መቀመጥ እንኳ አልፈለገችም።

«ማሪቱ፣ ሰኞ ከማሽን የወጡት አሥራ ሁለቱ ሮቶዎች ቀጭን ናቸው። የፕላስቲክ ዱቄቱን የሰፈርኩት በትንሹ ቁና ነው፤ ትልቁ ከሥር ነበር፣ አላየሁም። ለሱሉልታ ከተደረደሩት ጋር ነው ያሉት። ከውጭ ሲያዩአቸው ምንም አይሉም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ አንቺ።» እጇ ላይ የተሞላ ቅጽ ነበር።

አብረን ወደ አቶ ብዙነህ ሄድን። አነበቡ። አንገታቸው ቀላ፣ አፋቸው ተከፈተ፤ የማውቀው ጩኸት ሊመጣ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አፋቸው ተዘጋ። ወረቀቱን እንደገና አዩና፣ ቃሉ አፋቸው ላይ እንግዳ እንደሆነባቸው ያስታውቃል፣ «ምን እንለውጥ?» አሉ።

አያንቱ አልጠበቀችውም ነበር። «ሁለቱ ቁናዎች አንድ ቀለም ናቸው» አለች። «አንዱ ቢጫ ይሁን።»

ሳይመሽ አንዱ ቢጫ ሆነ። አሥራ ሁለቱ ሮቶዎች ተመልሰው ተፈጩ። ውሃ ተሞልተው ሱሉልታ ላይ ሊፈነዱ የነበሩ ናቸው፤ ያውም በስማችን።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ወረቀት አለ። አንዱ የሰለሞን ነው፤ ቡራዩ ከአንድ ደንበኛ በር ጎማውን ሳያይ እንደወጣ ራሱ ጽፏል፤ ማንም አላየውም ነበር። አንዱ የአቶ ብዙነህ ነው። «ሰዓት እንዳይሞላ ብዬ ሠራተኛ አጣደፍኩ። ተሰማ፤ ከሚገባው በላይ ተሰማ።» ጽሑፋቸው ያስጠላል።

ኀሙስ፣ ሐምሌ 3

ሰለሞን አሁን ከሱሉልታ ደወለ። እንጦጦ ጉም ነበር፣ የጎጃም መንገድ ዳገት በዝናብ ያዳልጥ ነበር፤ ሃያ አራቱም ሮቶ ደርሷል። አንዱ እንኳ አልተነቃነቀም። ደንበኛው ሌላ ሃያ አራት ጨምሯል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቢሮ ውስጥ ዘለልኩ፤ አያንቱ ምስክሬ ናት።

ጠዋት ሲጫን ዝናቡ ያካፋ ነበር። ሞተሩ ተነስቷል። ጠመኔው ታጥቦ ቢጠፋም ቦታዬን አውቃለሁና ክቡ የነበረበት ቆምኩ። ሰዓቴን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ኦቦ ጎበና ጠባሳ ባለው መዳፋቸው ገመዱን ወጥረው፣ ወደ እኔ አንዴ አየት አድርገውና በጢማቸው ሥር ፈገግ ብለው፣ ግቢው እስኪናጋ ጮኹ።

«ሂዲ!»

ማንም አልሄደም። ባይሳ አሰረ።